«1234567 ፕራይም ነው» ላላችሁኝ

አዳማ ውስጥ ልጆች የማስጠናበት ካፌ የዋይፋይ ፓስዎርዱ 12345678 ነው። በሩን በገመድ አስሮ ከመተኛት አይሻልም፤ ለኔ ግን ጥያቄ ሆነኝ። «ይሄ ፕራይም ነው? ማለቴ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም?» አልኳቸው። «ቲቸር፣ መጨረሻው 8 አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁብኝ። 8ቱን አጥፍቼ 1234567 ስላቸው ግን ሁሉም «ፕራይም ነው!» አሉ።

«በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እምቢ ካለ ፕራይም ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እስከ 120 ድረስ ልክ ስለሆነ ልጆቹ አመኑት፤ 121 ላይ ግን 11 × 11 ይመጣና ያፈርሰዋል። የኛው ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 30 ፕራይሞች እምቢ ብሎ በ31ኛው፣ በ127፣ ይያዛል። አንዷ ልጅ ደብተሯ ጀርባ ላይ አካፈለችው፦ 1234 ለ127 ሲካፈል 9 ደርሶ 91 ይተርፋል፤ 915 ላይ 7 ደርሶ 26፤ 266 ላይ 2 ደርሶ 12። የመጨረሻዋን 7 ስታወርድ ከ12ቱ ጎን ቆመችና 127 ሆነች! ቀሪ የለም። መልሱ 9721።

«እስከ ግማሹ ድረስ መሞከር አለብን»

ኧረ በጭራሽ። 1111 በራሱ ሲባዛ 1,234,321 ነው፤ 1112 በራሱ ሲባዛ ግን ከቁጥራችን ያልፋል። ሁለቱ ተባዦች በአንድ ላይ ከ1111 ሊበልጡ ስለማይችሉ (አንዱ ቢበልጥ ሌላው ያንሳል)፣ እስከዚያ ያሉትን 186 ፕራይሞች መሞከር ይበቃል።

«አሃዞቹን ብናቀያይር በ3 የሚካፈል አይጠፋም»

ይጠፋል። 10፣ 100፣ 1000 ሁሉም ለ3ም ለ9ም ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ስለሆነ ወሳኙ የአሃዞቹ ድምር እንጂ ቅደም ተከተላቸው አይደለም። ከ1 እስከ 7 ድምሩ 28 ነው፤ እንደፈለጋችሁ ብትደረድሩት በ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 8 ሲጨመር ግን 36 ይሆንና በ9ም ይካፈላል። ፕራይምነት ግን በቅደም ተከተል ይለወጣል፦ እነዚያው ሰባት አሃዞች 7652413 ሆነው ሲደረደሩ ፕራይም ናቸው።

«ቁጥሩ በተለቀ መጠን አካፋዩ ይበዛል»

1234567 ያሉት አካፋዮች 4 ብቻ ናቸው። ከሱ የሚያንሰው 720,720 ግን 240 አለው።

ቅዳሜ ካፌው ስንደርስ አስተናጋጇ «ፓስዎርዱ ተቀይሯል» አለችን። 87654321። ልጆቹ ሳያካፍሉ «በ9!» አሉ።