ሉዋ እና ቁጥሮቿ

ሉዋ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተወለደች። ስሟ በፖርቱጋልኛ «ጨረቃ» ማለት ነው። ብቻዋን ከመሥራት ይልቅ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ መቀመጥ ይቀናታል፤ ጌም ውስጥ፣ ዳታቤዝ ውስጥ፣ አንዳንዴም የሳንቲም ያህል ቺፕ ላይ።

ለብዙ ዓመታት ያላት የቁጥር ዓይነት አንድ ብቻ ነበር፤ ደብል የሚባለው፣ ባለ 64 ቢት፣ ነጥብ ያለው ቁጥር። 3ም ሆነ 3.5 ለእሷ ያው ነው። ኢንተርፕሪተሩ፣ ማለትም ኮዱን እያነበበ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ «ይሄ ምን ዓይነት ቁጥር ነው?» እያለ ስለማይጨነቅ ትንሽም ፈጣንም ሆነ።

ጣጣው በኋላ መጣ። ደብል ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳይዘል የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ነው። እዚያ ላይ 1 ደምሩበት፣ ንቅንቅ አይልም። ለገንዘብ ሂሳብ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ባለ 64 ቢት መለያ ቁጥር ሲመጣ ግን የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊዛቡ ይችላሉ። በሌላ በኩል ብዙ ርካሽ ቺፖች ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያሰላ ክፍል የላቸውም፤ በሶፍትዌር ያስመስሉታል፣ ያ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ለኢኤስፒ8266 ቺፕ የተሠራው ኖድኤምሲዩ የተባለ ሶፍትዌር ለዚህ ሲል ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያውቅ ሉዋም ያቀርብ ነበር። እዚያ 5 ለ2 ሲካፈል 2 ነው። ግማሹ የት ገባ አይባልም።

በ2015 የወጣው ስሪት 5.3 ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ጨመረ። አሁን 7/2 3.5 ነው፤ ወደ ታች አጠጋግቶ የሚያካፍለው 7//2 ደግሞ 3። 6/2 ግን 3 ሳይሆን 3.0 ይላል፤ ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ትልቁ ሙሉ ቁጥር ላይ 1 ሲደመር ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ከዜሮ በታች እጅግ ወደራቀው ኔጌቲቭ ቁጥር ይገለበጣል። ለፍጥነት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ እኔ ግን ስህተት ብሎ ቢጮህ እመርጥ ነበር።

ለትንንሽ መሣሪያዎች ሁሉንም ወደ 32 ቢት የሚያወርድ ምርጫም አለ። ማህደረ ትውስታ ይቆጥባል፤ ሰዓት ላይ ግን ጉድ ያፈላል። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚይዙበትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረውን ሰከንድ ውሰዱና 0.5 ደምሩበት። ውጤቱ ነጥብ ያለው ቁጥር ይሆናል፤ በዚህ መጠን ላይ ደግሞ ባለ 32 ቢቱ ቁጥር የሚራመደው በ128 ሰከንድ ነው። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቆሞ ድንገት ይዘላል።

ሕትመቱም ያታልላል። እስከ 5.4 ድረስ ሉዋ የምታሳየው 14 አሃዝ ስለሆነ 0.1+0.2 ስክሪኑ ላይ ንጹህ 0.3 ሆኖ ይወጣል። ከ0.3 ጋር እኩል ነው ወይ ብላችሁ ስትጠይቋት ግን «ፎልስ» (ሐሰት) ትላለች። በ17 አሃዝ አሳትሙት፣ 0.30000000000000004 ይወጣል።