መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችና የጎጃም ጨቅላ ሕፃናት

ጨቅላ የሚባለው ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። በዚህ ዕድሜ ጀርም ወደ ደም ሲገባ የሚነሣው ሕመም፣ ሴፕሲስ፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ሕክምናው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ይጀመራል። የመነሻ ሕክምናው በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በባሕር ዳር ያው ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አምፒሲሊን በኪሎ 50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን ደግሞ በኪሎ 5 ሚሊግራም (ክብደቱ ዝቅተኛ ለሆነ 3) በቀን አንድ ጊዜ። አሳሳቢው በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የሚገኙ ብዙ ጀርሞች ሁለቱንም መላመዳቸው ነው።

ግንባር ቀደሟ ክሌብሲየላ ናት። አምፒሲሊን ከመጀመሪያውም አይሠራባትም። ከዚያ አልፋ ሴፍትሪያክሶንና ሴፎታክሲም የተባሉትን መድኃኒቶች የሚሰባብር ኢንዛይም ታመርታለች። ይህን የሚሸከመው ፕላዝሚድ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚሻገር የዘረመል ቀለበት ሲሆን፣ ጄንታማይሲንን የመቋቋም ባሕርይም ብዙ ጊዜ አብሮት ይጓዛል። ያኔ የሚቀሩት መድኃኒቶች አሚካሲንና ሜሮፔኔም ናቸው፤ ጀርሙ አሲኔቶባክተር የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ሲሆን ሜሮፔኔምም ላይሠራ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚታየው ሕመም በአብዛኛው ከእናት የተላለፈ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በዋናነት የሚያስተላልፈው ክፍሉ ራሱ ነው፤ ያልታጠበ እጅ፣ የአክታ መሳቢያ ቱቦ፣ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ ለብዙ ሕፃናት ተደጋግሞ የሚቀዳ አንድ የግሉኮስ ከረጢት። ክሌብሲየላ በግሉኮስ ውስጥ በደንብ ትራባለች፤ ከረጢት መጋራት በምንም ሰበብ መፈቀድ የለበትም። ለቱቦ ማጽጃ 5 በመቶ በረኪና አንድ እጅ በ9 እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን ደምና ወተት የክሎሪኑን ኃይል ስለሚያደክሙ፣ ሳይታጠብ የተዘፈዘፈ ቱቦ ንጹሕ ይመስላል እንጂ አልጸዳም። ብጥብጡም በየቀኑ ይቀየራል። ለእጅ ሳሙናና ውኃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ፣ አልኮል ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ይበቃል።

የደም ካልቸር (ጀርሙን ለመለየት በላቦራቶሪ የሚበቅል የደም ናሙና) የሚወሰደው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ቢያንስ 1 ሚሊሊትር ደም ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ፍሪጅ አይገባም። ጥድፊያ ላይ ማድረቁ ከተዘለለ የቆዳ ጀርም ይበቅልና ሕፃኑ የማያስፈልገው መድኃኒት ይታዘዝለታል። ካልቸር በሌለበት መድኃኒት መቀያየር በጨለማ መዳበስ ነው።

የመጠን ስሕተትም አለ። ጄንታማይሲን በ20 እና በ80 ሚሊግራም ይመጣል፤ ሁለቱም 2 ሚሊሊትር ናቸው። 2.5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 12.5 ሚሊግራም ያስፈልጋል፤ ከፊተኛው 1.25 ሚሊሊትር፣ ከኋለኛው 0.3 ገደማ። ከ80ው 1.25 ቢቀዳ 50 ሚሊግራም ይሆናል፤ ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል። ከ20ው 0.3 ቢቀዳ ደግሞ ሕፃኑ 3 ሚሊግራም ብቻ ያገኛል፤ ጀርሙም መድኃኒቱን ቀምሶ ይተርፋል።

በገጠር እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ገና አልቀረም። በምትኩ የሚሰጠው ክሎርሄክሲዲን ጄል ለእትብት ብቻ ነው፤ ከዓይን ቅባት ጋር ተምታቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ጡት አልይዝ ማለት፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ከ37.5 ጀምሮ ያለ ትኩሳት ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ ሲታይ የአርባና የሰማንያ ቀን ክርስትና አይጠበቅም፤ ሕፃኑ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።