የሽፋን ሥዕል ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹን እዚያ አገኛቸዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቁጢጥ ብላ ለወጣቶች የተጻፈ የእንግሊዝኛ ፋንታሲ ልብ ወለድ ስታገላብጥ ደረስሁ። ሽፋኑ ላይ ፀጉሯን ነፋስ የሚያውለበልበው፣ ቆዳዋ ወተት የመሰለ ልጃገረድ ቆማለች። ተማሪዬ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዚያው አንብባ ጨርሳ ኖሮ፣ አውራ ጣቷን የልጃገረዷ ፊት ላይ ጭና «መምህር፣ ውስጥ ያለችው ልጅ ጠይም ናት፤ ፀጉሯም ሹሩባ ነው ይላል። ይቺ ታዲያ ማን ናት?» አለችኝ።

ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን የምጽፈው ለእሷና ይህንኑ ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

የሽፋን ሥዕል የሚባለው በመጽሐፍ የፊት ሽፋን ላይ ከርዕሱና ከደራሲው ስም ጋር የሚታተም ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም የተቀናበረ ምስል ነው። እንዲህ ሲባል ዕቃው ተነገረ እንጂ ሥራው አልተነገረም። በሥራው ካየነው የሽፋን ሥዕል ቃል መግባት ነው። «እዚህ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓለም አለ፤ እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ይኖሩበታል» ብሎ ለማያውቀው አንባቢ ቃል ይገባል። አንባቢዎች ስለ ሽፋን የሚያነሡት ነገር ሁሉ፣ ቁጣውም ደስታውም፣ ቃሉ ተጠበቀ ወይስ ፈረሰ ከሚለው የሚነሣ ነው።

ይህ ቃል ለፋንታሲ ከሌላው የልብ ወለድ ዓይነት ይልቅ ይከብዳል። ስለ ባሕር ዳር የተጻፈ ልብ ወለድ ሽፋኑ ባዶ ቢሆን እንኳ አንባቢው ዘንባባዎቹን፣ ባጃጆቹንና የጣናን ዳር ከራሱ ያመጣል። አስማትና ምናብ በሚነግሥበት በፋንታሲ ግን ብዙ ጊዜ አገሩ ራሱ በምድር ላይ የለም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። የፋንታሲ ሽፋን የሚሥል ሠዓሊ ግን አንባቢው የማያውቀውን አገር ገና ገጹን ሳይገልጥ እንዲናፍቅ ማድረግ አለበት። በዚያ ላይ እንደ ተማሪዬ መጽሐፍ ያሉት የወጣቶች ፋንታሲዎች የሚጻፉት ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ራሱን በየመስተዋቱ ይፈልጋል፤ ሽፋኑም አንዱ መስተዋት ነው።

ሥዕሉን የሚወስነው ማን ነው? ብዙ አንባቢ ደራሲው ይመስለዋል። በውጭ አገር ትልልቅ አሳታሚ ድርጅቶች ዘንድ ሽፋኑን የሚያዝዝ የሥነ ጥበብ ኃላፊ አለ። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። ስለ ባለታሪኳ መልክ፣ ስለ ታሪኩ ስሜትና ስለ ዋና ዋና ዕቃዎቹ የተጻፈ አጭር ማብራሪያ ይሰጠዋል። የሽያጭ ክፍሉ ይናገራል፤ ትልልቅ የመጻሕፍት መደብሮችም «ይህ አይሸጥም» ብለው ሊያስለውጡ ይችላሉ። ደራሲው ሐሳቡን ይጠየቃል፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጁ አይደለም። በእኛ አገር ብዙ ደራሲ የማሳተሚያውን ወጪ ራሱ ስለሚሸፍን የሽፋኑም አዛዥ ራሱ ነው። ይህ ነፃነት ትልቅ ነገር ነው፤ በሚገባ የተጠቀምንበት ግን አይመስለኝም።

ሽፋን አንባቢን እንዴት እንደሚመርጥ ለማየት ስለ አንድ ጠንቋይ ልጅ ከሚተርኩት የሃሪ ፖተር መጻሕፍት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዝ አገር ሲወጣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የመጀመሪያው ኅትመት 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ሽፋኑን በውኃ ቀለም የሣለው ቶማስ ቴይለር የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሥዕል ሥራ ታዝዞ ሲሠራም የመጀመሪያው ነው። በጀርባው ሽፋን ላይ ማስጌጫ ይሆን ዘንድ አንድ ጠንቋይ እንዲሥል ተጠይቆ፣ አባቱን እያሰበ ፒፓ የያዘ ሰው ሣለ። ያ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። ልጆቹ ግን «ይህ ማን ነው?» እያሉ መጠየቃቸውን አልተዉም፤ በመጨረሻ አሳታሚው ለቀጣዮቹ ኅትመቶች በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ጠንቋይ ዳምብልዶርን አሥሎ ተካው። ለልጅ አንባቢ ማስጌጫ የሚባል ነገር የለም። ሽፋኑ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ከውስጥ የመጣ መሆን አለበት።

በ1998 ደግሞ ያው ጽሑፍ፣ አንዲት ቃል ሳትለወጥ፣ ለአዋቂዎች በሌላ ሽፋን ታተመ፤ ጥቁርና ነጭ የእንፋሎት ባቡር ፎቶግራፍ ነበረበት። አዋቂው ሰው በሕዝብ መካከል የልጅ መጽሐፍ ይዞ መታየት አሳፍሮት ነበርና ሽፋኑ ሲለወጥለት ገዛ። የቴይለር የመጀመሪያ ሥዕል በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 1.92 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ማን ናት?

ብዙ ጊዜ ማንም አይደለችም፤ «የምትሸጥ» ተብላ የተመረጠች ፊት ናት። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1968 የጀመረችው የኧርዝሲ ተከታታይ ታሪክ ዋናው ባለታሪክ ጌድ ቆዳው ወደ መዳብ የሚያደላ ጠይም ነው፤ ሆን ብላ ነው እንዲያ ያደረገችው። ከዚያ በኋላ በወጡ ብዙ ኅትመቶች ሽፋን ላይ ግን ነጭ ሆኖ ተሣለ፤ ደራሲዋም ለዓመታት ስትሟገት ኖረች። በ2009 የአውስትራሊያዊቷ የጀስቲን ላርባለስቲየር የወጣቶች ልብ ወለድ አሜሪካ ውስጥ ሊወጣ ሲል ሽፋኑ ላይ ረጅም ለስላሳ ፀጉር ያላት ነጭ ልጅ ታየች። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ባለታሪክ አባቷ ጥቁር ነው፤ ፀጉሯም አጭርና ከርዳዳ ነው። አሳታሚው «ባለታሪኳ ውሸታም ናትና ሽፋኑም እንደ እሷ ነው» የሚል ምክንያት አቀረበ። ደራሲዋ አልተቀበለችውም። ሽፋኑን ያዩ አንባቢዎች ልጅቱ ጥቁር ነኝ ማለቷንም ከውሸቷ ቆጠሩት፤ ታሪኩ ሊቆምበት የሚገባው መሬት ከሥሩ ተናደ። አንባቢዎች ጮኹ፤ መጽሐፉ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ሽፋኑ ተቀየረ። ወራት ሳይቆይ፣ በ2010 መጀመሪያ፣ የዚያው አሳታሚ ሌላ መጽሐፍ፣ ይህኛው በትክክል ፋንታሲ የሆነው፣ ጠይሟን ባለታሪክ በነጭ ልጅ ተክቶ ተገኘ፤ እንደገና ቁጣ፣ እንደገና አዲስ ሽፋን።

ፈረንጆቹ ለዚህ ነውር የሚጠቀሙበት ቃል፣ «ዋይትዋሺንግ»፣ ግድግዳን ኖራ ከመቀባት የመጣ ነው። እኛም «በኖራ የተለሰነ» የሚለውን ከወንጌል እናውቀዋለን፤ ላዩ ሲያምር ውስጡ ሌላ የሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ልጄ፣ አውራ ጣትሽን የጫንሽበት ፊት ኖራ ነው። በመሸፈንሽ ትክክል ነሽ።

ደግነቱ ተቃራኒውም ሆኗል። በ2018 የትውልደ ናይጄሪያ አሜሪካዊቷ ቶሚ አዴየሚ የመጀመሪያ የፋንታሲ መጽሐፍ ሲወጣ ሽፋኑን ሙሉ የያዘችው ነጭ ፀጉሯ እንደ ነበልባል ወደ ላይ የተነሣ ጥቁር ልጅ ናት። መጽሐፉ እንደወጣ በብዛት ከተሸጡት ተርታ ገባ። «ጥቁር ፊት አይሸጥም» ይሉ ለነበሩት ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

እኛ ጎጃሞች ለዚህ ነገር እንግዳ ልንሆን አይገባም ነበር። የብራና መጽሐፍ ሽፋን ርዕስ አይጻፍበትም። ሁለት የእንጨት ገበታ ቆዳ ይለብሳል፤ ደጓሹ በጋለ ብረት እየተጫነ መስቀልና ሐረግ ያወጣበታል፤ ከዚያ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያ ድጉስ የሚገባው ቃል አንድ ነው፤ «የያዝሁት ቅዱስ ነገር ነው፤ እጅህን ታጥበህ ንካኝ» ይላል። ባለታሪኩን የማሳየት ሥራ የግድግዳው ሥዕል ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው የመቅደሱን ዙሪያ ሥዕል አይረሳውም። እዚያ ያለ ሠዓሊ ከተመልካቹ ጋር ግልጽ ስምምነት አለው፤ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ክፉው በጎኑ ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ሳትቀር ማን ማን እንደሆነ ከበሩ ታውቃለች። ሥዕሉ ለተመልካቹ የገባው ቃል ይህን ያህል የጠበቀ ነበር። ሠዓሊው ዓይን ቢሳሳት ሕዝቡ ዝም የሚለው ይመስላችኋል?

ከዚህ ልማድ የወጣን ሰዎች የዛሬ የአማርኛ ፋንታሲ ሽፋኖችን ስናይ የሚያሳዝነን ለዚህ ነው። ታሪኩ በእኛ ምድር ሆኖ ሽፋኑ በረዶ የለበሰ የድንጋይ ግንብ፣ ቆብ የደፋ ፈረንጅና ከኢንተርኔት የተወሰደ ዘንዶ ይዞ ይመጣል። እኔም ደርሶብኛል። የትምህርት ቤታችን የንባብ ክበብ ተማሪዎች በጋራ አንድ ታሪክ ጻፉ። በጮቄ ሥር ባለች መንደር ጉም ሰው ይሰርቃል፤ አንዲት በግ ጠባቂ ልጅ የማይበራ ኩራዝ ይዛ የተሰረቁትን ለመፈለግ ትወጣለች። ለማተሚያ ቤቱ የሽፋን ባለሙያ የሰጠነው ማብራሪያ «ተራራ፣ ጉም፣ አስማት» የሚሉ ሦስት ቃላት ነበር። እሱም ሦስቱን ቃላት ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ ያገኘውን ሰጠን፤ ባለ ሹል ጣሪያ ግንብ፣ ጥድ፣ በረዶ። ናሙናውን ሳሳያቸው ክፍሉ ጭጭ አለ። ከጮቄ ግርጌ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ «መምህር፣ ጅብራው የት አለ?» አለ።

ጅብራን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደጋው ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። ጉም ሲወርድ ከሩቅ ሰው ይመስላል። የዚያች መንደር ልጆች ፍርሃት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ታሪኩም የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው። እኛ ለባለሙያው ይህን አልነገርነውም።

ሽፋኑን ልጆቹ ራሳቸው እንደገና ሣሉት። ግራጫ ጉም፣ በጉሙ ውስጥ ተራ በተራ የቆሙ ጅብራዎች፣ ከፊት ጀርባዋን የሰጠች ልጅ፣ በእጇ ኩራዝ። መጀመሪያ ሲያዩት ይኸው ነው። ታሪኩን ጨርሶ ወደ ሽፋኑ የተመለሰ አንባቢ ግን ከጅብራዎቹ አንዱ እግር እንዳለው ያያል። የቅኔ አገር ልጆች ናቸውና ሰምና ወርቅን ማንም አላስተማራቸውም። ጥሩ የሽፋን ሥዕል የሚለየው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ አንዴ ከመጽሐፉ በፊት፣ አንዴ ከመጽሐፉ በኋላ፣ ሁለተኛውም ንባብ የመጀመሪያውን አያፈርስም።

የሌላ ክፍል ተማሪዎች ሲያዩት ተከራከሩ። ግማሾቹ «ፊቷን ለምን ደበቃችሁት?» ብለው ተቆጡ። ግማሾቹ «እንዲህ ስትሆን እኔ ልሆን እችላለሁ» አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ነጠላዋ፣ ሹሩባዋ፣ ኩራዙን የያዘችበት እጅ የአገሯ ከሆነ ፊቷን አንባቢው ይጨርሰው። የመጀመሪያዎቹን ቁጣ ግን አልናቅሁም። በሽፋን ላይ የራሱን ፊት ብዙ ጊዜ ያጣ ልጅ ጀርባዋን ሲያይ ደግሞ የተደበቀ ሊመስለው ይችላል።

ስለ ፋሽኑ ብዙ አልልም። ከ2005 በኋላ በጥቁር መደብ ላይ አንድ ዕቃ ብቻ ማስቀመጥ ተወደደ፤ ከዚያ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች ፎቶግራፍ መጣ፤ ከዚያ ዘውድና ሰይፍ። ዛሬ ሽፋን በመጀመሪያ የሚታየው በስልክ ላይ፣ የጥፍር ያህል ሆኖ ነውና ቀላል ቅርጽና ደማቅ ቀለም ይበዛል። ይህ ሁሉ ይለወጣል።

ያቺ ተማሪ መጽሐፉን ገዝታ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ይዛው አየሁት። የደብተር ልባስ በምናደርግበት መንገድ ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት፣ ነጩን ገጽ ወደ ውጭ አድርጋ፣ ጠቅልላዋለች። በላዩም በእስክሪብቶ ጠይሟን ልጅ ሥላታለች፤ በሁለት ዓይኗ ቀጥ ብላ ታያለች። ሹሩባዋን እየሠራች ስትወርድ የፊት ሽፋኑ ስላልበቃት ጫፉን ወደ ጀርባው ሽፋን አሻግራዋለች።