«የሴቶቹ ምን ይገመታል?»፦ ስለ አሜሪካ ሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማርች ሲጋመስ አሜሪካ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ ብራኬት የሚሉት ወረቀት መዞር ይጀምራል። 68 የኮሌጅ ቡድኖች ለጥሎ ማለፍ ተደርድረውበታል፤ የሠራተኛው ድርሻ ማን ማንን እንደሚጥል እየገመተ መሙላት ነው። የወንዶቹን ኳስ የማያውቀውም ሳይቀር ይሞላዋል። የሴቶቹ ሲመጣ ግን «እሱማ ምን ይገመታል?» የሚል አይጠፋም። እኔ እስከማየው ድረስ፣ ይህም ሆነ ሌሎቹ ወሬዎች የሚመጡት የሴቶቹን ውድድር በራሱ መዝገብ ካለማንበብ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዋንጫውን ኮኔቲከት ይወስደዋል፣ አለቀ»

ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ በአጭሩ ዩኮን፣ በአሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ እየተመራ እስከ 2025 ድረስ 12 ጊዜ ዋንጫ አንሥቷል። በአንድ ወቅት 111 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር።

ያ ጉዞ የቆመበትን ሌሊት ግን ልብ በሉ። 2017፣ ዳላስ፣ ግማሽ ፍጻሜ። ተጋጣሚው ሚሲሲፒ ስቴት ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር ዩኮን 98 ለ 38 የረመረመው፣ የ60 ነጥብ ልዩነት! መደበኛው ሰዓት በእኩል አልቆ ጭማሪ ሰዓት ተሰጠ። እሱም ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነችው ሞርጋን ዊሊያም ኳሷን እየነዳች ወደ ቀኝ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ዘለለች፣ ለቀቀች። ሰዓቱ ሲያልቅ ኳሷ አየር ላይ ነበረች። 66 ለ 64። ከዚያ ወዲያ ዩኮን ዋንጫ ሳያይ እስከ 2025 ቆየ።

የባሰም አለ። በየምድቡ ቡድኖች በጥንካሬ ከ1 እስከ 16 ይደረደራሉ። በ1998 በ16ኛ ደረጃ የገባው ሃርቫርድ አንደኛውን ስታንፎርድን በገዛ ሜዳው 71 ለ 67 አሸንፎ አሰናበተው። እርግጥ ስታንፎርድ ከውድድሩ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሁለት ዋና ተጫዋቾቹን በጉልበት ጉዳት አጥቶ ነበር። ቢሆንም በወንዶቹ ውድድር ተመሳሳይ ነገር ለማየት ሌላ 20 ዓመት፣ እስከ 2018፣ መጠበቅ አስፈልጓል።

«ውድድሩ የተጀመረው በ1982 ነው»

በ1982 የተጀመረው ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የሚያዘጋጀው ነው። ከዚያ በፊት ለአሥር ዓመት የሴቶችን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሄዱት ሴቶቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ሌላ ማኅበር ነበር፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደላቱ ሲጠራ ኤአይኤደብሊው ይባላል።

የ1972ቱን የመጀመሪያ ዋንጫ የወሰደው ፊላደልፊያ አጠገብ ያለ ኢማኩላታ የሚባል ትንሽ የካቶሊክ ሴቶች ኮሌጅ ነው። ልጆቹ ውድድሩ የሚካሄድበት ኢሊኖይ ድረስ የሚሄዱበት ገንዘብ ስላልነበራቸው የጥርስ ብሩሽ እየሸጡ አሰባሰቡ፤ የተገኘው ለስምንት ተጫዋች ብቻ በቃ። የሚጫወቱት የሱፍ ቀሚስ ለብሰው ነው። በኋላ ኮሌጁ ሲገን ደግሞ ደጋፊው፣ መነኮሳቱ ጭምር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የብረት ባልዲ መደብደብ ጀመረ። ኢማኩላታ በ1973ም በ1974ም ደገመው። እነዚህን ሦስት ዋንጫዎች በኤንሲኤኤ የሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ ብትፈልጉ አታገኟቸውም።

በ1982 ሁለቱም ማኅበራት በየፊናቸው ሻምፒዮና አካሄዱ። ራትገርስ ቴክሳስን አሸንፎ የአሮጌውን ማኅበር የመጨረሻ ዋንጫ ወሰደ። በአዲሱ ደግሞ ሉዊዚያና ቴክ ቼይኒ ስቴትን 76 ለ 62 ረታ። ቼይኒ በ1837 የተመሠረተ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው፤ አሰልጣኟ ቪቪያን ስትሪንገር ነበረች። ከጥቁሮች ኮሌጆች መካከል እዚህ ፍጻሜ የደረሰ ሌላ እስካሁን የለም። ኤንሲኤኤ የቡድኖቹን ወጪ ሲሸፍንና ቴሌቪዥኑን ሲይዝ ኮሌጆቹ ወደ እሱ ፈለሱ፤ ኤአይኤደብሊው በዚያው ፈረሰ።

«የሴቶቹ ገንዘብ አያመጣም፣ ስለዚህ ያገኙት ይበቃቸዋል»

በ2021 በኮሮና ምክንያት የሴቶቹ ውድድር በሙሉ ሳን አንቶኒዮ፣ የወንዶቹ ኢንዲያናፖሊስ ተሰበሰበ። አንዲት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ስልኳን አውጥታ ጂሙን ቀረጸችው። ባዶ አዳራሽ፣ አንድ ጠባብ የዳምቤል መደርደሪያ፣ አለቀ። የወንዶቹ ጂም በክብደት ማንሻ ጢም ብሎ ነበር። የቦታ ጥበት ነው የሚል ምላሽ ተሰጥቶ ስለነበር ካሜራውን ዞር አድርጋ ባዶውን ወለል አሳየች። ለውድድሩ የወጣው «ማርች ማድነስ» (የማርች እብደት) የሚለው ስም እንኳ እስከዚያ ዓመት የወንዶቹ ብቻ ነበር፤ ሴቶቹ የተጠቀሙበት ከ2022 ጀምሮ ነው።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ፣ የሴቶቹ ውድድር የቴሌቪዥን መብት የሚሸጠው ከሌሎች የስፖርት ዓይነቶች ጋር በአንድ ጥቅል ነው። በ2021 የወጣው ገለልተኛ ምርመራ ብቻውን ቢሸጥ ከ2025 ጀምሮ በዓመት ከ81 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያወጣ እንደሚችል ገመተ። በምርቃት የተሰጠ ዕቃ ዋጋው አይታወቅም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ወንዶቹ በውድድሩ ባሸነፉ ቁጥር ለኮሌጆቻቸው ክፍያ ማስገባት የጀመሩት በ1991 ነው፤ ሴቶቹ በ2025።

«ሰው ማየት የጀመረው ኬትሊን ክላርክ ከመጣች ወዲህ ነው»

የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቿ ክላርክ ያመጣችውን የተመልካች ጎርፍ የሚክድ የለም። በ2024 ሳውዝ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ 75 ያሸነፈበትን ፍጻሜ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ የዚያ ዓመት የወንዶቹ 14.8 ሚሊዮን ነበር። (የወንዶቹ የታየው በክፍያ በሚገኝ የኬብል ጣቢያ መሆኑ ግን አይረሳ።) ሆኖም በ1983 ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ሉዊዚያና ቴክን 69 ለ 67 ሲያሸንፍ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረ፤ ክላርክ ያኔ አልተወለደችም። ተመልካች የጠፋው በኋላ ነው እንጂ ከመጀመሪያው አልነበረም ማለት አይቻልም።

ዋንጫ ያነሣች የሚመስላቸውም አሉ። አላነሣችም፤ በ2023ም በ2024ም ፍጻሜ ላይ ተሸንፋለች።

«ሕጉ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ጾታው ብቻ»

አይደለም። ሴቶቹ 10 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ክፍለ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ወንዶቹ 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት። የሴቶቹ ኳስ አነስ ትላለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ደግሞ 16ቱ ጠንካሮች በራሳቸው ሜዳ ያስተናግዳሉ፤ የወንዶቹ በገለልተኛ ሜዳ ነው።

«በኮሌጅ ሴቶች ታሪክ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረችው ክላርክ ናት»

በኤንሲኤኤ መዝገብ፣ አዎ፤ 3,951። ያ መዝገብ ግን ከኢማኩላታ ዋንጫዎች ጋር ሌሎችንም ውጭ ትቷል። የካንሳሷ ሊኔት ውዳርድ እስከ 1981 ያስቆጠረችው 3,649 ነጥብ በኤአይኤደብሊው ዘመን ስለነበር አይቆጠርም። በሳውዝ ካሮላይና ትንንሽ ኮሌጆች የተጫወተችው ፐርል ሙር ደግሞ በ1979 ስትጨርስ 4,061 ላይ ነበረች፤ የሦስት ነጥብ መስመር ሜዳው ላይ ሳይሰመር።