«ዜማው እኮ የድሮ ነው» ስለ መዝሙር ኮፒራይት የሰለቹኝ ስህተቶች

የመዝሙር ቅንብር እሰራለሁ፣ ለተወሰኑ ኳየሮችም ዩቲዩባቸውን አይላቸዋለሁ። ሁሌ የሚደወልልኝ በአንድ ነገር ነው፦ «ዜማው እኮ የድሮ ነው፣ ለምን ክሌም መጣብን?» (ክሌም ማለት ዩቲዩብ ላይ «ቪዲዮው ውስጥ የኔ ሥራ አለ» የሚል የባለመብት ጥያቄ ነው)። ከፍቼ ስሰማው የጫኑት ከሌላ ዘማሪ አልበም ላይ የወሰዱትን ሙዚቃ ነው፣ የራሳቸውን ድምፅ ከላይ ጨምረውበት። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ማስረዳት ስለደከመኝ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

«ዜማው የድሮ ከሆነ መዝሙሩ ነፃ ነው»

አይደለም! አንድ መዝሙር ውስጥ ዜማ አለ፣ ግጥም አለ፣ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ ትርጉም አለ፣ ቅንብር አለ፣ የተቀዳ ድምፅ አለ። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ እድሜ አለው። ዜማው ሁለት መቶ ዓመት ሆኖት ቅንብሩ አምና የተሰራ ሊሆን ይችላል። የኛ የኮፒራይት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ትርጉምና ቅንብርን ራሱን የቻለ ስራ አድርጎ ነው የሚጠብቃቸው።

ሁሉም የሚያውቀውን «ሃው ግሬት ዛው አርት»ን እንውሰድ። ዜማው የስዊድን የህዝብ ዜማ ነው፣ የማንም አይደለም። የስዊድንኛ ግጥሙን ካርል ቦበርግ እ.ኤ.አ. በ1885 ጻፈው፣ እሱ የሞተው በ1940 ስለሆነ እሱም ነፃ ነው። እዚህ ድረስ «የድሮ ነው» የሚለው ሰው ትክክል ነው። ግን ግጥሙ ወደ ጀርመንኛ፣ ከዛ ወደ ሩሲያኛ ሄደ፣ ስቱዋርት ሃይን የሚባል እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ዩክሬን ውስጥ በሩሲያኛ ሲዘመር ሰምቶ ወደ እንግሊዝኛ አመጣውና በ1949 አሳተመው። ሃይን የሞተው በ1989 ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚቆይ የእንግሊዝኛው ግጥም እስከ 2059 መጨረሻ የተጠበቀ ነው ማለት ነው። አሜሪካም ገና አልተለቀቀም።

«እኛ በአማርኛ ነው የምንዘምረው፣ ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። ግጥማችሁን አውጡና ሦስተኛውን አንቀጽ እዩት። እግዚአብሔር ልጁን ሳይሳሳ ስለመስጠቱ፣ ልጁም በመስቀል ላይ ኃጢአቴን ስለመሸከሙ የሚለው ካለበት እሱ የሃይን ነው፣ ቦበርግ አልጻፈውም። ስለዚህ የተረጎማችሁት የስዊድኑን ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት ደግሞ ስቶክሆልምም ዋሽንግተንም ይታያል። ዜማውን ብቻ በክራር ወይ በፒያኖ ተጫውታችሁ የራሳችሁን ቅጂ ብትጭኑ በሕግ ማንም አይጠይቃችሁም።

«አሜዚንግ ግሬስ» ላይም ያው ነው። የጆን ኒውተን ግጥም የታተመው በ1779 ነው፣ ከምናውቀው ዜማ ጋር የተጣመረው በ1835፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ግን አሜሪካዊው ዘማሪ ክሪስ ቶምሊን በ2006 ያወጣው ላይ የተጨመረው አዲስ አዝማች አለ፣ ስለ ሰንሰለት መበጠስ የሚለው፣ እሱ አዲስ ስራ ነው። ሰው ግን ሁለቱን እያገናኘ ይዘምርና «ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መዝሙር ነው» ይለኛል።

የተቀዳ ድምፅ ላይ ደግሞ በጣም ነው የምናደደው። ውጭ አገር ያለ አንድ ኳየር «ጸጥታ የሰፈነበት ሌሊት» የሚለውን የገና መዝሙር ሰርቶ ስትራይክ (የዩቲዩብ የቅጣት ማስጠንቀቂያ) መጣበት። ዜማው የፍራንዝ ግሩበር ነው፣ 1818፣ ከዛ የበለጠ ነፃ ነገር የለም። ግን ከስሩ ያለው ሙዚቃ ከሌላ ዘማሪ ሲዲ የተቆረጠ ነበር፣ መግቢያው ላይ ያለው ዋሽንት ሳይቀር ይሰማል። ያንን ዋሽንት የነፋ ሰው አለ፣ የቀዳው ስቱዲዮ አለ፣ ገንዘብ ያወጣ ፕሮዲውሰር አለ። በኛ አዋጅ የተቀዳ ድምፅ 50 ዓመት ይጠበቃል፣ ስለዚህ እናንተ «የድሮ ካሴት» የምትሉት የ1980ዎቹ ካሴት ሁሉ ባለቤት አለው። ፈቃድ ጠይቁ፣ ካልሆነ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ፈልጉና ራሳችሁ ቅዱት፣ አንድ ቀን አይፈጅም።

«የያሬድ ዜማ ለማዜም ፈቃድ ያስፈልጋል»

ይሄኛው በተቃራኒው መሠረት የሌለው ፍርሃት ነው። ቅዱስ ያሬድ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ሦስቱ የዜማ ስልቶቹ፣ ግእዙም ዕዝሉም አራራዩም፣ የኮፒራይት ጥያቄ የለባቸውም። ቤተክርስቲያን ሥርዓቱ እንዲከበር የምትለው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ከአዋጁ ጋር አታደባልቁት። ግን አንድ መሪጌታ ስቱዲዮ ገብተው የቀዱትን አንስታችሁ ስማችሁን ብትለጥፉበት ጥፋት ነው፣ በያሬድ ስልት ዘንድሮ የተደረሰ አዲስ መዝሙርም የደራሲው ነው።

«ደራሲው ከሞተ አበቃ»

በኢትዮጵያ ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ አውሮፓና እስራኤል 70። መብቱ ለወራሽ ይሄዳል። አሜሪካ ደግሞ የድሮ ስራዎችን ከታተሙበት ዓመት ነው የሚቆጥረው። «ግሬት ኢዝ ዛይ ፌይዝፉልነስ» የወጣው በ1923 ስለሆነ አሜሪካ ከ2019 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ግጥሙን የጻፈው ቶማስ ቺሾልም ግን የሞተው በ1960 ስለሆነ ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ግጥሙ እስከ 2030 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። አንድ መዝሙር፣ ሁለት መልስ። የት አገር እንደሆናችሁ ሳትነግሩኝ «ነፃ ነው ወይ?» አትበሉኝ።

«ካልተመዘገበ መብት የለውም»፦ የኛ አዋጅ ምዝገባን ግዴታ አላደረገም፣ ስራው ሲፈጠር ይጠበቃል።

«30 ሰከንድ ከሆነ ችግር የለውም»፦ እንደዚህ የሚል ህግ የለም።

«ባለቤትነቱ የዘማሪው ነው ብዬ ጽፌያለሁ»፦ ስም መጥቀስ ተገቢ ነው፣ ፈቃድ ግን አይደለም።

«ለአገልግሎት ነው፣ አንሸጠውም»፦ የአሜሪካ ህግ አምልኮ ላይ፣ እዛው ቤተክርስቲያን ውስጥ ለሚዘመር መዝሙር ፈቃድ አይጠይቅም። ላይቭ ማስተላለፍ ግን እዛ ውስጥ አይካተትም፣ ለዛ ለብቻው ላይሰንስ አለ። ዘማሪውም ቤት ኪራይ እንደሚከፍል አስቡ እንጂ።

«ክሌም ከመጣ አጥፍቻለሁ ማለት ነው»

ይሄን የሚያምኑ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ንጹህ ስራቸውን ራሳቸው ያጠፉታል። ክሌም ስትራይክ አይደለም። ቻናል የሚዘጋው ሦስት ስትራይክ ሲከማች ነው፣ ክሌም ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽን የሚያመጣው ነገር ነው። ነፃ የሆነ ዜማ ሁለት ሰው ሲቀዳው ስለሚመሳሰል ማሽኑ የናንተን ቅጂ የሌላ ሰው አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ራሳችሁ ዘምራችሁ፣ ራሳችሁ ተጫውታችሁ ከቀዳችሁት አታጥፉት፣ ተከራከሩ። የዩቲዩብ መከራከሪያ ፎርሙ ላይ ፐብሊክ ዶሜይን (ባለመብት የሌለው ነፃ ሥራ) የሚለውን ምረጡ፣ ማብራሪያው ላይ የዜማውን ደራሲና ዓመት፣ የግጥሙን ደራሲና ዓመት ጻፉ፣ ድምፁን ማን እንደቀዳው ጨምሩ። ክሌም ያደረገው ድርጅት መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፣ ዝም ካለ ክሌሙ ይነሳል። ትርጉሙ ወይ ቅንብሩ የሌላ ሰው ከሆነ ግን የመከራከሪያውን ቁልፍ አትንኩት፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ ደውሉ።