ላቲን አሜሪካ ምንድን ነው? የትኞቹስ አገሮች ይገቡበታል?

አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ የሚመላለስ ሰው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለውን የወያላ ጥሪ በቀን ስንቴ እንደሚሰማ ቤት ይቁጠረው። አደባባዩ በዚህ ስም የተጠራው ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አጥብቃ ስለተቃወመች ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ይህችን ወዳጅ አገር ግን የት ናት ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው «ደቡብ አሜሪካ» ይላችኋል። ሜክሲኮ ያለችው ሰሜን አሜሪካ ነው። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ግን አለችበት።

ሁለቱን ስሞች እናምታታቸዋለን። ደቡብ አሜሪካ ካርታ ላይ በጣት የሚያሳዩት መሬት ነው። ላቲን አሜሪካ ደግሞ በቋንቋና በታሪክ የሚተሳሰሩ አገሮች የጋራ መጠሪያ ነው።

ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ ነው። ዛሬ አፉን የሚፈታበት ልጅ የለም፤ እንደ ግዕዝ ሁሉ በቤተ ክርስቲያንና በመጻሕፍት ውስጥ ነው ያለው። ከሱ የተወለዱት ግን በሕይወት አሉ፦ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጊዝ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛ፣ ሮማኒያኛና ሌሎችም። የሮማንስ ቋንቋዎች ይባላሉ። ዝምድናቸው ጆሮ ላይ ያስታውቃል። «ሌሊት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በስፓኒሽ ኖቼ፣ በብራዚሎች አፍ ኖይቺ፣ በጣልያንኛ ኖቴ፣ በፈረንሳይኛ ንዊ ነው። እኛም ከዚህ ቤተሰብ የተዋስነው ቃል ብዙ ነው። «መኪና» የመጣው ከጣልያንኛው «ማኪና» ነው፤ ኩባ ውስጥም ሰዉ መኪናን «ማኪና» ይላል። በደርግ ጊዜ የወጣቶች ደሴት በሚባለው የኩባ ደሴት የተማሩት በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ይቺን ቃል ለመልመድ ብዙም የተቸገሩ አይመስለኝም።

እንግዲህ ላቲን አሜሪካ የምንለው በስፔን፣ በፖርቱጋል ወይም በፈረንሳይ ተገዝተው ቋንቋቸውን የወረሱትን የአሜሪካ ምድር አገሮች ነው። በተለመደው ቆጠራ 20 ናቸው። 18ቱ ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው። ከሜክሲኮ ተነስተን ወደ ታች ብንወርድ ጓቲማላ፣ ኤል ሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ ኮስታ ሪካና ፓናማ ይመጣሉ። ከባሕሩ ላይ ኩባና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አሉ። ደቡብ ስንደርስ ቬንዙዌላ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ፣ ፓራጓይ፣ ቺሊ፣ አርጀንቲናና ኡራጓይ። የቀሩት ሁለቱ ፖርቱጊዝ ተናጋሪዋ ብራዚልና የፈረንሳይ ቅኝ የነበረችው ሄይቲ ናቸው። ፖርቶ ሪኮም በቋንቋዋና በባህሏ ከነሱው ናት፤ በአሜሪካ መንግሥት ሥር ስለሆነች ግን ከነጻ አገሮች ጋር አትቆጠርም።

«ላቲን አሜሪካ ማለት ስፓኒሽ የሚናገሩ አገሮች ማለት ነው» የሚል ሰው ብራዚልን ረስቷታል ማለት ነው። ብራዚል ብቻዋን የደቡብ አሜሪካን መሬት ግማሽ ያህል ትይዛለች፣ ሕዝቧም ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1494 ስፔንና ፖርቱጋል አብዛኛውን ዓይተው እንኳ ያልጨረሱትን ምድር በአንድ መስመር ለሁለት ለመካፈል ሲዋዋሉ ነው። ምሥራቁ ለፖርቱጋል ደረሰ።

ጃማይካስ? እ.ኤ.አ. በ1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበላቸው ስለምናውቅ ስለ ጃማይካ ስናወራ የጎረቤት ወሬ ነው የሚመስለን። እሷ ግን የእንግሊዝ ቅኝ ነበረች፣ የመንግሥት ቋንቋዋም እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ላቲን አሜሪካ ውስጥ አትገባም። ጋያናና ቤሊዝም በዚሁ ምክንያት ይወጣሉ። ሱሪናም ደች ትናገራለች፤ እሷም ውጭ ናት። «ላቲን አሜሪካና ካሪቢያን» የሚል ጽሑፍ ካጋጠማችሁ ግን እነዚህ ሁሉ ተጨምረው ቁጥሩ 33 ይደርሳል።

ስሙ ራሱ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ቺሊያዊው ጸሐፊ ፍራንሲስኮ ቢልባኦ ፓሪስ ላይ በንግግሩ ተጠቀመበት፤ በዚያው ሰሞን ኮሎምቢያዊው ሆሴ ማሪያ ቶሬስ ካይሴዶም በግጥሙ አስገባው። ዩናይትድ ስቴትስ የሜክሲኮን ግማሽ ያህል መሬት ከወሰደች ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር፣ ዊልያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊም የግል ጦር ይዞ ሄዶ ኒካራጓ ላይ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ ተቀምጦ ነበርና ስሙ «እኛ ሌላ ነን» ለማለት የተያዘ ነው። ቀጥሎ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ መጣ። ፈረንሳይ የላቲኖች ታላቅ ናት በሚል ሰበብ ጦሩን ሜክሲኮ አስገባ፣ ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ መስፍንም አነገሠ። ሜክሲኮዎች በ1867 ማክሲሚሊያንን ረሸኑት። ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።

ለዚህ ነው ቋንቋ ብቻውን የማይበቃው። የካናዳዋ ኬቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ናት፣ ላቲን አሜሪካ የሚላት ግን የለም፤ ስሙ የተያዘው ከዩናይትድ ስቴትስ በስተደቡብ ላሉት ነውና። ፓራጓይ ደግሞ ውስጥ ናት፤ አብዛኛው ሕዝቧ ግን ከላቲን ጋር ምንም የማይዛመደውን ጓራኒን ይናገራል፣ ጓራኒም ከስፓኒሽ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ነው። «ላቲን» የሚለው ስም እነዚህን የምድሩን ጥንታዊ ሕዝቦች ይደብቃቸዋል። ይህ የስሙ ትልቁ ጉድለት ነው።

ሄይቲን ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየኋት። ብዙ ሰው ሲቆጥር ይዘላታል፣ እኔ ደግሞ ከሷ መጀመር አለበት እላለሁ። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን የቀዳማዊ ናፖሊዮንን ጦር አሸንፈው እ.ኤ.አ. በ1804 ነጻነታቸውን አወጁ፤ ከላቲን አሜሪካ አገሮች ሁሉ ቀድማ ነጻ የወጣች አገር ሄይቲ ናት። ብዙ የደቡብ አሜሪካ አገሮችን ከስፔን ነጻ ያወጣው ሲሞን ቦሊቫር መጀመሪያ ተሸንፎ በተሰደደ ጊዜ የሄይቲው ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ፔቲዮን አስጠጋው፣ መሣሪያም ሰጠው፤ የጠየቀው ውለታ በምታስለቅቀው ምድር ያሉትን ባሮች ነጻ አውጣ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ጄኔቫ ላይ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንችላለን ብሎ ዓለምን ያስጠነቀቀውም የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነው። ሕዝቧ የሚናገረው፣ አብዛኛው ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣው ክሪዮል እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከፈረንሳይኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ ሆኗል። በክሪዮል ሌሊት «ላንዊት» ይባላል።