አዳዲስ የሊቲየም ባትሪዎች እና የኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላናቸውን ከብርና ከዚንክ በተሠራ ባትሪ አበረሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ ለጥቂት ደቂቃ የሚበር ነገር ሆኖ ቆየ፤ ይህን የቀየሩት ብሩሽ አልባ ሞተሮችና የሊቲየም ባትሪዎች ናቸው። ይሁንና ለውጡ ፈጣን በመሆኑ ስለ አዳዲሶቹ ባትሪዎች ብዙ የተሳሳተ ግምት ተከትሎታል።

«ብዙ ኢነርጂ የሚይዝ ባትሪ ሁሉ የበረራ ጊዜን ያረዝማል።»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንድ ባትሪ የሚያከማቸው ኢነርጂና ያንን ኢነርጂ በምን ያህል ፍጥነት ሊለቅ እንደሚችል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለ ሦስት ሴል (ሴል ባትሪው የሚገነባበት ነጠላ ክፍል ነው)፣ 2,200 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ የተለመደ ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 24 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ 180 ግራም ነው። 18650 በመባል የሚታወቁትን፣ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ሦስት ክብ የሊቲየም አዮን ሴሎች በተከታታይ ብናገናኝ ደግሞ ከ150 ግራም ባነሰ ክብደት 38 ዋት ሰዓት ገደማ እናገኛለን። በወረቀት ላይ ሁለተኛው በግልጽ ይበልጣል። ነገር ግን አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ 25 አምፔር ቢጠይቅ፣ ይህን ያህል የሚይዝ ሴል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር ስለማይበልጥ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሴሎቹ ይግላሉ፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያም ባትሪው ያለቀ መስሎት ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ያው ባትሪ 6 አምፔር ብቻ እየወሰደ በዝግታ በሚንሳፈፍ ረጅም ክንፍ ባለው አውሮፕላን ላይ ሲገጠም ግን በስሌት 35 ደቂቃ ያህል ያበረዋል፤ በዚያው ፍጆታ ሊቲየም ፖሊመሩ የሚቆየው 22 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ባትሪ ከመምረጥ በፊት አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲንሳፈፍ ስንት አምፔር እንደሚወስድ መለካት ያስፈልጋል።

«የ‹ሲ› ቁጥሩ ከፍ ያለ ባትሪ ምንጊዜም የተሻለ ነው።»

«ሲ» ባትሪው ከአቅሙ (ከአምፔር ሰዓቱ) ስንት እጥፍ አምፔር መስጠት እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። በ2,200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ «30 ሲ» ተብሎ ከተጻፈ 66 አምፔር መስጠት ይችላል ማለት ነው፤ በዚህ መጠን ከተወሰደበት ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ሁሉም አምራቾች ቁጥሩን በአንድ ዓይነት መለኪያ አያወጡትም፤ በመሆኑም የሁለት አምራቾችን ቁጥር ማወዳደር ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የተሻለው መመዘኛ በርካታ ዘመናዊ ቻርጀሮች የሚለኩት የእያንዳንዱ ሴል የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሴሉ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። በባትሪው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል ሳይሆን ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ አምፔሩ በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ካረፈ በኋላ በእጅ ይዞ ለመቆየት የሚያስቸግር ባትሪ፣ ጽሑፉ ምንም ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል።

«ሊቲየም ፖሊመር ውስጡ ጠጣር ስለሆነ ፈሳሽ የለውም።»

በገበያ ላይ ያሉት ሊቲየም ፖሊመር የሚባሉ ባትሪዎች በውስጣቸው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ወይም ጄል መሰል ኤሌክትሮላይት (በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል የሊቲየም አዮኖችን የሚያመላልስ ነገር) አላቸው። ሲያረጁ ወይም ሲጎዱ ለስላሳ ከረጢታቸው የሚያብጠውም ይህ ኤሌክትሮላይት እየተበላሸ ጋዝ ስለሚፈጥር ነው። ጋዙን ለማስወጣት ብሎ ከረጢቱን መብሳት እጅግ አደገኛ ነው፤ ያበጠ ባትሪ ከአገልግሎት ይወገዳል እንጂ አይጠገንም።

«አዲሱ ኬሚስትሪ በቅርቡ ሁሉንም ነባር ባትሪ ይተካል።»

ተስፋው እውነተኛ ነው፤ እኔም በጉጉት ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። በአኖድ፣ ማለትም በባትሪው አሉታዊ ጫፍ ላይ፣ ሲሊከን በእኩል ክብደት የተለመደው ግራፋይት ከሚይዘው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ሊቲየም መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሲሞላ መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚያብጥና ሲራገፍ መልሶ ስለሚሟሽሽ ይሰነጣጠቃል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች ከግራፋይት ጋር በትንሽ መጠን ይቀላቅሉታል። የሊቲየምና የድኝ ባትሪም እንዲሁ በጣም ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዜፊር የተባለው ሰው አልባ አውሮፕላን ቀን በፀሐይ ኃይል፣ ሌሊት በሊቲየምና ድኝ ባትሪ እየተንቀሳቀሰ ከ14 ቀናት በላይ ሳያርፍ ቆይቷል። ሆኖም ዜፊር ግዙፍ ክንፍ ያለው፣ በዝግታ የሚሄድና ጥቂት ኃይል የሚበቃው ነው። በአየር ላይ ለሚገለባበጥ የትርኢት አውሮፕላን ይህ ባትሪ አይመጥንም፤ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ተደጋግሞ የመሞላት ዕድሜውም አጭር ነው።

«የማንኛውንም ሊቲየም ባትሪ ሴል እስከ 4.35 ቮልት መሙላት ይቻላል።»

አይቻልም። ይህ ልክ ለዚሁ ለተሠሩ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሴሎች ብቻ ነው፤ የተለመደው ሴል ጣሪያው 4.2 ቮልት፣ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ደግሞ 3.65 ቮልት ነው።

«በሚቃጠል ሊቲየም ባትሪ ላይ ውኃ ማፍሰስ ፍንዳታ ያስነሣል።»

ከውኃ ጋር በኃይል የሚቃጠለው ንጹሕ የሊቲየም ብረት ነው፤ በተለመደው ሊቲየም ፖሊመር ወይም ሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ ግን ሊቲየሙ የሚገኘው ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ ነው። እሳቱን የሚያባብሰው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው የሚዛመተው ሙቀት ስለሆነ፣ ከጭሱ ርቆ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ሴሎቹን ያቀዘቅዛል። ከአዳዲሶቹ ባትሪዎች አንዳንዶቹ ግን፣ የሊቲየምና የድኝ ባትሪን ጨምሮ፣ አኖዳቸው ከንጹሕ ሊቲየም ብረት የተሠራ ነው፤ ለነዚህ ውኃ የማፍሰሱ ምክር እንዳለ ላይሠራ ስለሚችል፣ እንዲህ ዓይነት ባትሪ የገዛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ ከማድረጉ በፊት አምራቹ ስለ እሳት የጻፈውን መመሪያ ማንበብ አለበት።